«ወንድሜ ነው» አልልም ያለ ሰው

ከታፈሰ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ጋቢ ማጠፍ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ሱቁን ከፍተናል፣ ገዢ ገና አልገባም። በዋዜማው አንዲት ሴት አሥራ ሁለት ጋቢ አስዘርግታ አይታ አንዱንም ሳትገዛ ሄዳ ነበር። እሱ ሁለቱን ጫፍ፣ እኔ ሁለቱን ጫፍ ይዘን ወጠር እናደርጋለን፤ እናራግፋለን፤ ከዚያ ተጠጋግተን ጫፍ ከጫፍ እናገጥማለን። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስናጥፍ ኖረናል። አራተኛው ላይ ሲደርስ ቆመና ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ደከመህ?» አልኩት።

«ጋቢው ነው የከበደው» አለ። «ሸማኔው ክር መስረቅ ትቷል ማለት ነው።»

ስምንቱን አጥፈን አራቱ ቀሩ። ሐሙስ ዕለት ለኩላሊት እጥበት እንደወጣ አልተመለሰም። ልቡ ነው አሉኝ።

ለቅሶ ላይ የመጣው ሰው ሁሉ «ንጹሕ ሰው ነበር» ይለኝ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ይህንኑ ሰማሁ። ንጹሕ መሆኑን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ነገር ግን እነሱ «ንጹሕ ነበር» ብለው የሚዘጉትን ነገር እኔ ገና አልዘጋሁትም። ከእሱ ጋር የጀመርኩት ክርክር አላለቀም። ስለዚህ ቀስ እያልኩ፣ በቀን ግማሽ ገጽም ቢሆን፣ ስለ እሱ እጽፋለሁ።

ታፈሰ ሸማ ተራ ውስጥ ነጠላና ጋቢ ይሸጥ ነበር፤ ሱቁን ያወረሱት አባቱ ናቸው። አጭር፣ ድምፀ ወፍራም፣ አንገቱ ላይ ዘወትር የክር ብናኝ የማይጠፋ ሰው ነበር። ጨርቅ ሲመረምር በመዳፉ አይነካም። እጁን ይገለብጥና በጀርባው ነው የሚዳብሰው። ለምን ቢሉት «መዳፍ ገንዘብ ስለሚቀበል ያዳላል» ይላል። ሸማኔዎቹ ይህን እጅ ይፈሩት ነበር። ምንም ሳይናገር አንዴ ዳብሶ ጨርቁን መልሶ ከገፋው ነገሩ አበቃ፤ ሸማኔው ጠቅልሎ ይሄዳል።

ለገዢም አንድ ዋጋ ነው የሚናገረው። ከዚያ ዝም። መርካቶ ውስጥ እንዲህ የሚነግድ ሰው ወይ እብድ ነው ወይ ባለጸጋ ነው፤ እሱ አንዱም አልነበረም። ለሠርግ ልትገዛ የመጣች አንዲት ሴት ግራ ቢገባት፣ «ጋሼ፣ ትንሽ እንኳ ዝቅ በሉ እንጂ! ካልተከራከርን መርካቶ መምጣቴን በምን አውቃለሁ?» አለችው።

«ክርክር ካማረሽ ያቻትልሽ ባለቤቴ» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። «ካሸነፍሻት በነፃ ውሰጂው።»

በነፃ የወሰደ ግን የለም።

አቡጀዲ ላይ ብቻ ሌላ ሕግ ነበረው። ገዢው ፊቱ ጠቁሮ ከገባ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመገነዣ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ ካሉት በገዛበት ዋጋ ቆርጦ ይሰጣል። «ከሬሳ ትርፍ አይያዝም» ይል ነበር። ይህን ያወቁ ብልጣ ብልጦች ለአንሶላ የሚሆናቸውን አቡጀዲ ሐዘንተኛ መስለው ይወስዱ ነበር። እኔ ስበሳጭ እሱ ይስቃል። «ዘመዱን በቁሙ የገነዘን ሰው ከዚህ በላይ ምን ትቀጪዋለሽ?»

ሲታመምም እንዲሁ ነበር። እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ሲለው «ጫማው ነው የጠበበ» አለ። ሌላ ጫማ ገዛ። እሱም ሲጠብ ነው ሐኪም ቤት በግድ የወሰድኩት። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ጀመረ። ሐኪሙ ነገሩን ሳይሸፋፍን ነገረን፤ እጥበቱ ያቆየዋል እንጂ አያድነውም፣ የሚያድነው ሰው ኩላሊት ቢሰጠው ነው። ሰጪው ዘመድ መሆን አለበት። በገንዘብ አይሆንም።

እኔ ስኳር ስላለብኝ አትሆኚም ተባልኩ። ልጅ አልወለድንም። አንዲት እህቱ ደም ግፊት አለባት። የቀረውን ዘመድ በጣታችን ቆጠርን፤ አንዱ የሸመገለ፣ አንዱ የጠፋ፣ አንዱ ስልክ ማንሣት የተወ። ጣታችን አልሞላም።

ያን ጊዜ ነው ሙሉነህ የመጣው።

ሙሉነህ ተሸካሚ ነው። ሸማኔዎቹ የሚልኩትን የጨርቅ እስር ከመኪና አውርዶ እስከ ሱቃችን ድረስ ዐሥራ አንድ ዓመት በጀርባው አምጥቶልናል። ወደ አርባ የተጠጋ፣ ነገር የማያበዛ ጎጃሜ ነው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እስሩን አውርዶ ሒሳቡን ተቀበለና አልሄደም። ደፉ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ኩላሊት ይፈለጋል ሲባል ሰማሁ።»

«ልክ ነው የሰማኸው። ይዘህ መጣህ?» አለ ታፈሰ። መቀለዱ ነበር።

«ይዤ ነው እንጂ። ሁለት አለኝ።» ወገቡን መታ መታ አደረገ። «ግን በነፃ አልሰጥም። ከአሁኑ ይወቁት ብዬ ነው።»

«ምን ትፈልጋለህ?» ያልኩት እኔ ነኝ።

«በር ያላት ሱቅ። ትንሽ ትሁን። ጭድ ተራ ጋ አንዲት አይቻለሁ። ዝናብ ሲመጣ የምዘጋት፣ ሲያባራ የምከፍታት። እትዬ አስካለ፣ ይህ ወገቤ ከእንግዲህ ሁለት ዓመት ቢሸከም ነው። ከዚያ በኋላ ማን ያበላኛል?»

«ሙሉነህ፣ ሰው ዕቃ አይደለም» አለ ታፈሰ።

ሙሉነህ ሳቀ። «ጋሼ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ስሸከም ‹ሰው ጋሪ አይደለም› ያለኝ አንድ ሰው የለም። ‹ስንት ታስከፍላለህ?› ነው የምባለው። ዛሬ በራሴ ገላ ላይ ዋጋ ብጠራ ሁላችሁም ቄስ ሆናችሁብኝ።»

ታፈሰ መልስ ሲያጣ እንደሚያደርገው ተነሣና ያልተዛነፈ ነጠላ ማስተካከል ጀመረ። እኔ ሙሉነህን ተነሥቼ ልስመው ምንም አልቀረኝም ነበር። ዛሬም ቢሆን የተናገረው ስድብ አይመስለኝም። በዚያ ሱቅ ውስጥ ያን ቀን ያለ ይሉኝታ እውነቱን የተናገረ እሱ ብቻ ነው።

ወሬው እድራችን ዘንድ ደረሰ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ መንገሻ በርበሬ በረንዳ ነው የሚነግዱት። ልብሳቸው በርበሬ ስለጠገበ እሳቸው ከመግባታቸው በፊት የሰው ማስነጠስ ይገባል። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጥተው ሱቃችን ውስጥ ተቀመጡ፤ ሁላችንም አስነጠስን፣ እሳቸውም ነገሩን ጀመሩ።

«ሰጪው ዘመድ ይሁን ነው የተባለው? ዘመድ እናደርገዋለን። ሦስት ምስክር ይበቃል፤ እነሆ ሦስት ነን።»

«ምኔ አድርጋችሁ?» አለ ታፈሰ።

«የአባት ልጅ። አባትህ ነፍሳቸውን ይማርና ለንግድ ጎጃም ይወርዱ ነበር። ሙሉነህም ጎጃሜ ነው። አለቀ!»

«አባቴን በመቃብራቸው ዘማዊ ልታደርጉልኝ?»

«ለልጃቸው ነፍስ ሲባል አንዴ ቢሳሳቱ ምን አለበት! እኔ የማውቃቸው አባትህ ቢሆኑ ‹ኧረ ሁለቴ አድርጉት› ነው የሚሉት።»

ታፈሰ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም። ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ፤ ከበርበሬውም ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ማናቸውም በሐሰት እመሰክራለሁ ብሎ አላሰበም። ለእነሱ ለእድርተኛ መመስከር ድንኳን እንደ መትከል ነው፤ ገመዱን ይዘህ ትስባለህ፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቅም።

ታፈሰ ግን እንቢ አለ። ሁለት ሳምንት እንቢ አለ። እኔም ሁለት ሳምንት አላናገርኩትም። ምግቡን አቅርቤለት ፊቴን አዞርኩ። ጋቢ ሲታጠፍ እንኳ ጫፉን ይዤ ወደ ጎን ነበር የማየው። በመጨረሻ «እሺ፣ እንሂድ» አለ። ለራሱ ብሎ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ባውቅም ግድ አልነበረኝም፤ ይኑርልኝ እንጂ በምንም ይሁን ነበር ያልኩት።

የዝምድና ማስረጃ ለማውጣት ስድስት ሆነን ወደ ወረዳ ሄድን። ሙሉነህ ጢሙን ተላጭቶ የታፈሰን ኮት ለብሷል፤ እጅጌው አጠረው እንጂ ከምር የሥጋ ዘመድ መስሎ ነበር። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ቅጽ የምትሞላው ወጣት ሴት ቀና ብላ ታፈሰን አየችው።

«አባቴ፣ እኚህ ሰው ምንዎ ናቸው?»

«ወንድሙ! የአባት!» አሉ ጋሽ መንገሻ ከኋላ።

«እርስዎን አልጠየቅኩም።»

ታፈሰ ወደ ሙሉነህ ዞረ።  በኋላ ሳስበው፣ በዚያች ቅጽበት እጁን ገልብጦ ኮቱን በእጁ ጀርባ ዳበስ አድርጎት ነበር።

«ምኔም አይደለም» አለ። «ባዳ ነው። ዕቃዬን ይሸከምልኛል። እሱ ኩላሊቱን ሊሰጠኝ፣ እኔ ሱቅ ልገዛለት ተስማምተናል። ይህንኑ ጻፊው።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለእንዲህ ያለ ነገር ቅጽ የለንም፣ አባቴ።»

በሩ ላይ ስንወጣ ጮህኩበት። መንገደኛ ቆሞ እስኪያየን ነው የጮህኩት። «ገደልከኝ! አንዲት ቃል! አንዲት ቃል ከአፍህ መውጣት አቃታት?»

«አስካለ፣ ሙሉነህ ሀብታም ቢሆን ኩላሊቱን ይሰጠኝ ነበር?»

«አይሰጥህም። ታዲያስ?»

«የሚሰጠኝ ወገቡ ስላለቀ ነው። ወገቡን ማን ጨረሰው? የእኔ እስር ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ወገቡን ወሰድኩበት። አሁን ደግሞ ወገቡ አልቋል ብዬ ኩላሊቱን ልውሰድ? ከዚያ ደግሞ ‹ወንድሜ ነው› ብዬ ልፈርም? እንዲህ ያለ ወንድም የትም አይገኝ!»

ሙሉነህ ይህን ሁሉ ቆሞ ይሰማል። ኮቱን አወለቀ፣ ጠፍጠፍ አድርጎ አጠፈው፣ ታፈሰ ክንድ ላይ አኖረው።

«ጋሼ፣ ማን ጠየቀዎት?» አለ። «ወገቡም የእኔ፣ ኩላሊቱም የእኔ። እርስዎ ንጹሕ ሆነው ይሞታሉ። እኔ ተሸካሚ ሆኜ እሞታለሁ። ማነው የተጠቀመው?»

«ከነገ ጀምሮ ከሱቄ ግማሹን ያዝ» አለው ታፈሰ። «ትርፉን እኩል እንካፈላለን። ምንም አትሰጠኝም።»

«የምሸጠው ነበረኝ እንጂ ምጽዋት አልጠየቅኩም።»

በማግስቱ ሙሉነህ እንደ ወትሮው እስር ተሸክሞ መጣ። አወረደ፣ ሒሳቡን ተቀበለ፣ ሄደ። «ደኅና ዋሉ» አላለም። ታፈሰ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ እዚህ ላይ ሊያቆመው ይፈልጋል። ለቅሶ ላይም እዚህ ላይ ነው የሚያቆሙት፤ ለነፍሱ ሳይሳሳ እውነት ተናገረ ብለው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ይበልጥ የማልረሳው።

ከወረዳው መልስ አንድ ወር ያህል አልፎ አንድ ሰው ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ ገባና አቡጀዲ ጠየቀ። ለእናቱ ነበር። ታፈሰ እንደ ልማዱ በገዛበት ዋጋ ቆርጦ ሰጠው። ሰውየው እንደወጣ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ዋጋውን ተቀበልከው።»

«ትርፍ አልያዝኩም።»

«እኔ ስለ ትርፍ አላወራሁም። ዋጋውን ተቀበልከው። ለምን በነፃ አልሰጠኸውም?»

«እኔም ገዝቼው ነው። በነፃ ብሰጥ ሱቁ ይዘጋል።»

«ሙሉነህስ ቢሰጥህ ኖሮ? ተኝቶ የሚከርምበትን ወራት ማን ይመልስለታል? ከዚያ በኋላ ከባድ መሸከም አይችልም፤ ያን ማን ይመልስለታል? ሐኪሙ ይከፈለዋል። መድኃኒት ሻጩ ይከፈለዋል። አንተ ዕድሜ ታገኛለህ። ሥጋውን ያስቀደደው ሰው ብቻ ‹ለጽድቅ ነው› ተብሎ ባዶ እጁን ይሂድ? ትርፍ አይያዝ፣ እሺ። ኪሳራውን ግን ምን ዕዳ ኖሮበት ነው እሱ ብቻ የሚሸከመው?»

ታፈሰ የሚያስተካክለው ነጠላ ፈልጎ እንደሚነሣ ጠብቄ ነበር፤ አልተነሣም። የባንኮኒውን እንጨት እያየ ተቀመጠ።

«ሠላሳ ዓመት ከገዢ ጋር ስትከራከሪ ለዚህች ስትለማመጂ ነው ለካ» አለ። «ለዚህች መልስ የለኝም።»

ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር በክርክር የረታሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደስ አላለኝም።

ከዚያ ወዲህ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። እጥበት ክፍል ውስጥ ከጎኑ የሚተኛ አንድ ሰው ነበር። የሰውየው እህት ሰው ቤት ልብስ እያጠበች ነው የምትኖረው። ኩላሊቷ ይሆናል ተብሏል፤ ልትሰጠውም ትፈልጋለች፤ ግን አልሰጠችውም። ታፈሰ ለምን እንደሆነ ጠየቃት። «እኔ ብተኛ ልጆቼን ማን ያበላል?» አለችው። ቤት እንደገባ ኮቱን ሳያወልቅ ነው የነገረኝ።

«ይች ዘመድ ናት» አለ። «ማንም በሐሰት መመስከር አያስፈልገውም። ሕግ አልከለከላትም። የከለከላት ዳቦ ነው።»

ለእድሩ አቀርባለሁ ያለው ያኔ ነው። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ምግብ ያቀርባል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ሰው እየተፈራረቀ ያድራል። ለዘመዱ ኩላሊት የሰጠ ሰው ቤትስ ማን ይሄዳል? ድኖ ሥራ እስኪጀምር ድረስ እድሩ ቤቱን ይቀልብ። የሚሠራለት ሰውም ከእድርተኛው ይመደብ። ዋጋ አይደለም፤ ኪሳራውን ማካፈል ነው። ለእሑድ ስብሰባ ተዘጋጅቶ ነበር። ሐሙስ ሞተ።

አርባው ካለፈ በኋላ በእሱ ቦታ እድርተኛ እኔ ሆንኩ። በመጀመሪያው ስብሰባ ተነሣሁ።

«አስካልዬ፣ ሐዘንሽ ገና ትኩስ ነው፤ አረፍ በይ» አሉ ጋሽ መንገሻ።

«ስጨርስ አርፋለሁ፣ ጋሽ መንገሻ።»

የታፈሰን ሐሳብ ተናገርኩ። አጉረመረሙ። አንዱ «ይህማ ሥጋ መግዛት ነው» አለ። ሌላው «ዛሬ ዳቦ ካልን ነገ ሱቅ ይላሉ» አለ። ሦስተኛው ተነሥቶ፣ ታፈሰ ቢኖር ይህን አይፈቅድም ነበር፣ እንዲያ ያለ ንጹሕ ሰው፣ አለ።

«ታፈሰን ለእኔ አትንገሩኝ» አልኩ። «እናንተ በሐሰት ልትመሰክሩለት ወረዳ ድረስ ሄዳችኋል። ያ ነውር አልነበረም። በእውነት ለሰጠ ሰው ዳቦ መውሰድ ነው ነውሩ? ሲሞት ድንኳን ይዛችሁ የምትሮጡትን ያህል ሳይሞት አንድ ሰሐን ሽሮ ብትይዙ እጃችሁ ይቆረጣል?»

ጋሽ መንገሻ አንገታቸውን ደፉ። እጅ ተቆጠረ። ከሰባት ሰው በላይ አላነሣም። ጋሽ መንገሻም አላነሡም።

ስወጣ ሙሉነህ አዳራሹ በር ላይ ወንበር ሊያመላልስ ተቀጥሮ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል።

«እትዬ፣ ዳቦ ብቻ?» አለኝ።

«ከዳቦ እንጀምር ብዬ ነው።»

«እኔ ብሆን ከሱቁ ነበር የምጀምረው» ብሎ ወንበሮቹን ተሸክሞ ሄደ።

አልተቆጣሁትም። እውነቱን ለመናገር እኔም ከእሱ ብዙ አልራቅሁም። ታፈሰ የሙሉነህን ድህነት መጠቀም ነውር ነው አለ፤ ልክ ነው። ሙሉነህ ደግሞ ድህነቴን ሳትነኩ ንጽሕናችሁን ብቻ ነው የጠበቃችሁት አለ፤ እሱም ልክ ነው። እኔ ብሆን ኖሮ ያን ቀን መስኮቱ ጋ «ወንድሜ ነው» እል ነበር፤ ሱቁንም እገዛለት ነበር፤ ባሌም ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር። ይህን ለንስሐ አባቴም ነግሬአቸዋለሁ። ተጸጸቺ አሉኝ። አልተጸጸትኩም። ታፈሰን እወደዋለሁ፣ አከብረዋለሁ፣ በዚህ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልተስማማሁትም። የተስማማንባትን ያቺን አንዲት ነገር፣ የሰጠ ሰው ኪሳራውን ብቻውን አይሸከም ያልነውን፣ ግን ለማንም አልለቅም።

አሁን ሱቁን እኔ ነኝ የምይዘው። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ወደ እድሩ ስብሰባ እሄዳለሁ። «ልዩ ልዩ ጉዳይ» የሚሉት ላይ ሲደርሱ እነሣለሁ፤ ያንኑ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ እጅ ይቆጠራል፤ እቀመጣለሁ።